የጊትን ግራ አጋቢ የስህተት መልእክት ከምንጩ ማስተካከል

የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን ጊትን አዲስ የጀመረ ሰው «ጊት ኢኒት» ብሎ ፎልደሩን ያዘጋጃል፣ ፋይሎቹን በ«ጊት አድ» ይጨምራል፣ ኮሚት ማድረጉን (ለውጡን መመዝገቡን) ይረሳና «ጊት ፑሽ ኦሪጅን ማስተር» ብሎ ይጽፋል። ተርሚናሉ ሁለት መስመር ይመልስለታል። የመጀመሪያው «ኤረር፦ ኤስአርሲ ሬፍስፔክ ማስተር ደዝ ኖት ማች ኤኒ» ይላል፤ ሁለተኛው ወደዚያ አድራሻ መላክ እንዳልተቻለ ይጨምራል። እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰውም ቢሆን ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት ከዚህ ማወቅ አይችልም። የሚያሳዝነው፣ ምክንያቱን ለመለየት የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ ጊት እጅ ላይ ነበር። ብራንቹ (የሥራው ቅርንጫፍ) ገና ኮሚት እንደሌለው ማየት ይችላል፣ ሰውየው ያለበት ብራንች ስሙ «ሜይን» ከሆነም ያውቃል። አይናገርም እንጂ።

መልእክት ማሻሻል ቃላት ማሳመር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዋናው ሥራ ግን አንድ መልእክት ሥር የታጨቁትን የተለያዩ ምክንያቶች ለያይቶ፣ እያንዳንዱን ኮዱ ራሱ እንዲያጣራ ማድረግ ነው። ቃላቱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ይህንኑ የ«ሬፍስፔክ» (ምን ወደየት እንደሚላክ የሚገልጽ አጻጻፍ) መልእክት ይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሄዳል። ሲ ቋንቋን ማንበብ መቻልና ከጊት ጋር መተዋወቅ ይበቃል። ትዕዛዞችንና የፋይል ስሞችን የጻፍነው እንደሚነበቡ ነው፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ።

ስህተቱን በእጃችሁ ፍጠሩ

የጊትን ምንጭ ኮድ ክሎን አድርጉና ፎልደሩ ውስጥ «ሜክ» በሉ። የሲ ኮምፓይለር፣ የዚሊብና የከርል ሄደር ፋይሎች፣ ጌትቴክስትም ያስፈልጋሉ። የተሠራውን ጊት ማሽናችሁ ላይ መጫን አያስፈልግም፤ «ቢን-ራፐርስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን «ጊት» በቀጥታ ጥሩት። የዕለት ሥራችሁን የምትሠሩበት ጊት እንዳይነካ ይህ ይሻላል።

ከዚያ ባዶ ፎልደር ውስጥ መልእክቱን አስነሱት። አንድ ጊዜ ስላስነሳችሁት ግን አትርኩ፤ ያው መልእክት በስንት መንገድ እንደሚመጣ ቁጠሩ። ለዚህኛው ቢያንስ አራት አሉ።

አንደኛው ከላይ ያየነው፣ ኮሚት የሌለው ብራንች ነው። ሁለተኛው የስም ልዩነት ነው፦ ከጊት 2.28 (ጁላይ 2020) ጀምሮ የመጀመሪያውን ብራንች ስም በ«ኢኒት.ዲፎልትብራንች» መምረጥ ይቻላል፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጊትሀብ ለአዳዲስ ሪፖዎች (የጊት ማከማቻዎች) «ሜይን»ን መደበኛ አደረገ። ከዚያ በፊት የተጻፈ ትምህርት ተከትሎ «ማስተር» ብሎ የሚልክ ሰው ሁሉ እዚህ ይወድቃል። ሦስተኛው የፊደል ግድፈት ነው። አራተኛው ብዙም አይታወቅም፦ ብራንቹ እናንተ ዘንድ ያለው «ኦሪጅን/ፊቸር» በሚል የሩቅ ቅጂ ብቻ ከሆነ «ጊት ፑሽ ኦሪጅን ፊቸር» ያንኑ መልስ ይሰጣል። ሰውየው ግን ብራንቹን «ጊት ብራንች -ኤ» ላይ በዓይኑ አይቶታል፣ ስለዚህ የለም መባሉ ከሁሉም በላይ የሚያደናግረው እሱን ነው።

አራቱን በአጭር የሼል ስክሪፕት ጽፋችሁ አስቀምጡ። በኋላ ወደ ቴስት የምትቀይሩት ይህንኑ ነው። ይህ ስህተት የሚያዘው ከሰርቨር ጋር ንግግር ሳይጀመር ስለሆነ ኢንተርኔት አያስፈልጋችሁም፤ በዚያው ዲስክ ላይ «ጊት ኢኒት --ቤር» ያደረጋችሁት ፎልደር መድረሻ ሊሆን ይችላል።

መልእክቱ ከየት ነው የሚወጣው?

«ጊት ግሬፕ -ኤን» ላይ የመልእክቱን የማይለወጥ ክፍል ብቻ ስጡት፤ የብራንች ስም የሚገባበትን ቦታ ተዉት። ፍለጋውንም በሲ ፋይሎች ገድቡት፤ አለዚያ «ፒኦ» ፎልደር ውስጥ ያሉት የትርጉም ፋይሎች ውጤቱን ያጥለቀልቁታል። የእኛው መልእክት «ሪሞት.ሲ» ውስጥ «ማች_ኤክስፕሊሲት_ኤልኤችኤስ» ከሚባል ፈንክሽን ይወጣል። ፍለጋው ብዙ ቦታ ቢያሳያችሁ «ጊት_ዲበገር=1» ብላችሁ በቢን-ራፐርስ በኩል ጥሩት፤ ጂዲቢ የሚባለው ዲበገር ይከፈታል። «ኤረር» ወይም «ዳይ» የሚባለው ፈንክሽን ላይ ብሬክፖይንት አድርጉና በ«ቢቲ» ማን እንደጠራው ተመልከቱ።

ፈንክሽኑ አጭር ነው። ተጠቃሚው የሰጠው ስም ከአካባቢው ሬፎች (እንደ ብራንችና ታግ ያሉ ወደ ኮሚት የሚያመለክቱ ስሞች) ከስንቱ ጋር እንደሚገጥም ይቆጥራል። አንድ ከሆነ ያልፋል። ዜሮ ከሆነ ስሙ ምናልባት የኮሚት መለያ ወይም እንደ «ሄድ~2» («ሄድ» አሁን ያላችሁበትን ቦታ ያመለክታል) ያለ አገላለጽ እንደሆነ ይሞክራል፤ እሱም ካልሆነ የእኛን መልእክት ያወጣል። ከአንድ በላይ ከሆነ ደግሞ ከአንድ በላይ ጋር ገጠመ የሚል ሌላ መልእክት አለው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ብራንችና ታግ አንድ ስም ሲይዙ የሚመጣ ነው። እሱንም ማሻሻል ቀላል ነው፤ የተገኙትን ሙሉ ስሞች መዘርዘር ይበቃል።

ኮዱን ስታነቡ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ስሙ ብራንች ብቻ ሳይሆን ታግ ወይም የኮሚት መለያም ሊሆን ስለሚችል፣ «እንዲህ የሚባል ብራንች የለም» ብሎ መጻፍ ስህተት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ፈንክሽኑ የሚጠራው ከአንድ ቦታ አይደለም፤ «ሴንድ-ፓክ»ን የመሳሰሉ በስክሪፕት የሚጠሩ የታችኛው እርከን ትዕዛዞችም በዚያው ኮድ ያልፋሉ። እዚህ ውስጥ «ፑሽ ስታደርጉ» የሚል ምክር ብትጨምሩ ፑሽ ያላደረገ ሰው ሊያነበው ይችላል። አጠቃላዩ ችግር ይኸው ነው፦ ታች ያለው ፈንክሽን ምን እንደጎደለ ያውቃል፣ ላይ ያለው ተጠቃሚው ምን እንደፈለገ ያውቃል፣ መልእክቱ ግን አንዱ ብቻውን ሆኖ ይጽፈዋል።

ምክንያቶቹን በኮድ መለየት

አዲስ ነገር ከመፍጠር በፊት በአካባቢው ያለውን ፈልጉ። ጊት ውስጥ ብዙ ነገር ቀድሞ ተሠርቷል።

ኮሚት ለሌለው ብራንች ሞዴሉ «ሪቪዥን.ሲ» ውስጥ አለ። ድሮ ባዶ ሪፖ ላይ «ጊት ሎግ» ሲባል ነባሪው «ሄድ» መጥፎ ሪቪዥን ነው የሚል መልስ ይመጣ ነበር፤ በ2015 ተስተካክሎ አሁን ያላችሁበት ብራንች ገና ኮሚት እንደሌለው በስም ጠርቶ ይናገራል። ዘዴው «ሄድ» ወደ የትኛው ብራንች እንደሚያመለክት መጠየቅና ያ ብራንች በእርግጥ መኖሩን ማየት ነው። ሬፉ ራሱ ተበላሽቶ ከሆነም ለብቻው ይናገራል። ያንኑ ማጣሪያ ለፑሽ ተጠቀሙበት፤ ዓረፍተ ነገሩንም ቃል በቃል ውሰዱት፤ ያኔ ተርጓሚዎች ቀድሞ የተረጎሙት ስለሆነ እንደገና አይለፉም።

የሩቅ ቅጂ ብቻ ላለው ስም ደግሞ «ሄልፕ.ሲ» ውስጥ ተመሳሳይ ስሞችን ከሩቅ ሬፎች የሚፈልግ ፈንክሽን አለ፤ «ጊት መርጅ» የማያውቀው ስም ሲሰጠው ይህን ፈልገህ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀው በእሱ ነው። ሦስተኛው ሞዴል እዚያው «ሪሞት.ሲ» ውስጥ ነው፦ የመድረሻው ስም ሙሉ ካልሆነ ጊት ምን ምን እንደሞከረ ይዘረዝራል፣ የተላከው ነገር ኮሚት ነው ወይስ ታግ ብሎ ያጣራል፣ ከዚያ የሚስማማውን ሙሉ ትዕዛዝ ይጠቁማል። ጊት ውስጥ ካሉት ጥሩ መልእክቶች አንዱ እሱ ነው፤ ከመጻፋችሁ በፊት አንብቡት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ብራንቹ ገና ያልተወለደ፣ ማለትም ኮሚት የሌለው፣ መሆኑ ይጣራ። ካልሆነ የሩቅ ቅጂ ይፈለግ። ያም ከሌለ ተጠቃሚው ያለበት ብራንች ይነገረው፤ «ሄድ» ከብራንች ተለያይቶ ከሆነ ግን ይህ መስመር ይቅር። ኮዱ ያላረጋገጠውን ምክንያት እንደ እርግጠኛ ነገር አትጻፉ። የተሳሳተ ምክር ከግልጽ ያልሆነ መልእክት የከፋ ጉዳት አለው፤ ሰው ይከተለዋልና።

ለሁለተኛው ምክንያት የሚወጣው መልእክት በይዘቱ ይህን ይመስላል፤ ኮዱ ውስጥ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፦

ኤረር፦ 'ማስተር' እዚህ ሪፖ ውስጥ ብራንችም፣ ታግም፣ ኮሚትም አይደለም
ሂንት፦ አሁን ያላችሁት 'ሜይን' ብራንች ላይ ነው። እሱን ለመላክ፦
ሂንት፦   ጊት ፑሽ ኦሪጅን ሜይን

ሬፍስፔክ የሚለው ቃል ጠፍቷል፤ ተጠቃሚው የጻፈው ስም ግን ሳይነካ ተመልሶለታል።

ኤረር፣ ዳይ ወይስ ሂንት?

ጊት መልእክት የሚያወጣባቸው ፈንክሽኖች ባሕርያቸው የተለያየ ነው። «ዳይ» «ፌታል» ብሎ ጽፎ ፕሮግራሙን በ128 ያስወጣዋል። «ዩሴጅ» አጠቃቀሙን አሳይቶ በ129 ይወጣል። «ኤረር» ጽፎ ኔጌቲቭ 1 ይመልሳል፤ መቀጠል አለመቀጠሉን የሚወስነው የጠራው ኮድ ነው። «ዋርኒንግ» ሥራውን አያቆምም። «ባግ» የራሱ የጊት ጥፋት ሲሆን ብቻ ነው፤ ተጠቃሚው በጻፈው ነገር ሊነሳ አይገባም። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ምክንያት መጨመር ሲያስፈልግ «ዳይ_ኤርኖ» እና «ኤረር_ኤርኖ» አሉ።

ለማሻሻል ሲባል «ኤረር»ን በ«ዳይ» መተካት የሚያጓጓ ይመስላል፤ ሁለተኛው መስመር አይከተልምና መልሱ አጭር ይሆናል። አታድርጉት። የመውጫ ቁጥሩ ከ1 ወደ 128 ይቀየራል፣ በዚያ የሚተማመን ስክሪፕት ይሰበራል። ከዚያም በላይ፣ አንድ ሰው ሦስት ስም ሰጥቶ ሁለቱ የተሳሳቱ ቢሆኑ አሁን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይነገሩታል፤ «ዳይ» ግን ከመጀመሪያው ላይ ያስቆመዋል። የመልእክት ቃል እንደ ልብ ይቀየራል፣ የመውጫ ቁጥር ግን ቃል ኪዳን ነው።

ምክሩን «አድቫይዝ_ኢፍ_ኢኔብልድ» በሚባለው ፈንክሽን ጻፉት። «ሂንት» የሚል መነሻ የሚለጥፈውና ተጠቃሚው ሊያጠፋው እንዲችል የሚያደርገው እሱ ነው። ለዚህ ሦስት ቦታ ይነካል፦ «አድቫይስ.ኤች» ውስጥ ያለው ዝርዝር፣ «አድቫይስ.ሲ» ውስጥ ያለው የስሞች ሰንጠረዥ፣ እና «ዶክዩመንቴሽን» ፎልደር ውስጥ ያለው የ«አድቫይስ» ማብራሪያ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጊትን ለዓመታት የተጠቀመ ሰው ምክሩን በየቀኑ ማንበብ አይፈልግም፤ ስህተቱ ግን ለእሱም መታየት አለበት። ስለዚህ ምን እንደተበላሸ በ«ኤረር»፣ ምን ይደረግ የሚለው በ«ሂንት» ይግባ።

የአጻጻፍ ደንቦቹ «ኮዲንግ-ጋይድላይንስ» የሚባለው ፋይል ውስጥ ናቸው፦ መልእክቱ በትልቅ ፊደል አይጀምርም፣ ነጠላ ዓረፍተ ነገር ከሆነ በነጥብ አይዘጋም፣ ችግሩ ይቀድማል፣ የፋይሉ ወይም የብራንቹ ስም በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ይከተላል። ጥቅሱ ጌጥ አይደለም። ባዶ ስም ወይም መጨረሻው ላይ ክፍተት ያለበት ስም የሚታየው በእሱ ብቻ ነው።

ቃላት ብቻ የማይፈቱት

ቀደም ያሉ የጊት ለውጦችን ማየት ለዚህ ሥራ ጥሩ ትምህርት ነው። በ2.27 (ጁን 2020) «ጊት ፑል» ታሪኮቹን በመርጅ ወይስ በሪቤዝ እንደሚያስታርቅ ምርጫ ካልተሰጠው የሚያስጠነቅቅ ረጅም መልእክት ተጨመረ። ጽሑፉ መጥፎ አልነበረም። ችግሩ የሚታይበት ጊዜ ነበር፤ ምንም መለያየት ሳይኖር፣ ወደፊት መግፋት ብቻ ለሚበቃው ሰውም ይወጣ ነበር። በኋላ ሁለቱ ታሪኮች በእርግጥ ሲለያዩ ብቻ እንዲወጣ ተደረገ፤ በ2.33 (ኦገስት 2021) ደግሞ በዚያ ሁኔታ ሥራውን የሚያቆም ስህተት ሆነ። እንግዲህ መልእክት ስታርሙ ከጽሑፉ በላይ ያለውን «ኢፍ» አብራችሁ መርምሩ።

«ጊት ቼክአውት» ላይ ስም ተሳስቶ ሲጻፍ የሚመጣው «ፓዝስፔክ» የሚል መልእክት ሌላ ዓይነት ነው። ትዕዛዙ ብራንች መቀየርንም ፋይል መመለስንም ስለሚሠራ ተጠቃሚው የትኛውን እንደፈለገ አያውቅም። መፍትሔው ሌላ ትዕዛዝ ሆነ፤ በ2.23 (ኦገስት 2019) «ስዊች» እና «ሪስቶር» መጡ። ለ«ስዊች» የተሰጠ ስም ብራንች መሆን አለበትና መልእክቱ መገመት አያስፈልገውም።

በ2022 የሪፖው ባለቤት ሌላ ተጠቃሚ ሲሆን ጊት እንዲቆም የሚያደርግ የደህንነት ማጣሪያ ገባ። መጀመሪያ መልእክቱ ሪፖው አስተማማኝ እንዳልሆነና የሌላ ሰው እንደሆነ ይል ነበር፤ በኋላ አጠራጣሪ ባለቤትነት ተገኘ ወደሚል ተለውጦ፣ «ሴፍ.ዳይሬክተሪ» ላይ ያንን አንድ መንገድ ብቻ የሚጨምር ትዕዛዝ ይጠቁማል። ዶከር ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን አዘውትሮ ያየዋል፤ የተጫነው ፎልደር ባለቤት ቁጥርና ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ተጠቃሚ ቁጥር ስለማይገጥሙ ነው። ብዙዎች ሰልችቷቸው ኮከብ ምልክት ሰጥተው ማጣሪያውን በሙሉ ይዘጉታል። ለቅጅ የተዘጋጀ ትዕዛዝ ሰዎች ሳያነቡት እንደሚለጥፉት አስባችሁ ጻፉ፤ ጥበቃ የሚያጠፋ ከሆነ ወሰኑ የመጨረሻው ጠባብ ይሁን። በዚሁ ምክንያት «--ፎርስ»ን በምክር ውስጥ አታስገቡ።

የ«ኢንዴክስ.ሎክ» መልእክት በአንጻሩ ሊኮረጅ የሚገባው ነው። ፋይሉ መኖሩን ይናገራል፤ ሌላ ጊት እየሠራ ሊሆን እንደሚችል ይገምታል፣ ግምት መሆኑንም አይደብቅም፤ መጀመሪያ የሚሠሩትን ዝጉ፣ ያ ካልሠራ ብቻ ፋይሉን አጥፉ ይላል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ በሥራ ላይ ያለ ጊት እጅ ላይ ፋይል ይጠፋና የሰው ሥራ ይበላሻል።

ለተርጓሚ የሚመች አድርጋችሁ ጻፉ

ዓረፍተ ነገርን ከሁለት ቁርጥራጭ አትገጣጥሙ። «ካንኖት» የሚለውን በአንድ ቦታ፣ የተግባሩን ስም በሌላ ቦታ አስቀምጦ ማጣበቅ በእንግሊዝኛ ይሠራል፤ በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ስለሚመጣና ባለቤቱን ተከትሎ ስለሚለዋወጥ ቁርጥራጩን መተርጎም አይቻልም። ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ኮዱ ይመርጣል። ስም የሚገባበት ቦታ ሁለት ከሆነ፣ ተርጓሚው «ፐርሰንት 1 ዶላር ኤስ» በሚለው አጻጻፍ ተራቸውን ሊያቀያይር ይችላል። ምን እንደሚገባበት ግልጽ ካልሆነ ከመስመሩ በላይ «ትራንስሌተርስ» ብሎ የሚጀምር ማስታወሻ ይጨመር።

ጊትን ወደ አማርኛ ለመተርጎም የሚያስብ ካለ መነሻው «ሜክ ፒኦ-ኢኒት» ነው፤ የፋይሉ ስም «ኤኤም.ፒኦ» ይሆናል። ከስሙ ላይ የተሳቢ «ን» ከመለጠፍ «'…' የሚባለውን ብራንች» ማለት ይቀናል፤ የሚገባው ስም በላቲን ፊደል ይሁን በሌላ ዓረፍተ ነገሩ አይሰበርም።

ቴስትና መላክ

አሮጌውን ጽሑፍ «ቲ» ፎልደር ውስጥ ፈልጉ፤ እሱን የሚጠብቅ ቴስት ካለ አብሮ መቀየር አለበት። የፑሽ ቴስቶች «ቲ5516» ውስጥ ናቸው። ለአራቱም ምክንያቶች አንድ አንድ ቴስት ጻፉ፤ ትዕዛዙ መውደቁን በ«ቴስት_መስት_ፌይል» አረጋግጡ፣ ስህተቱን ወደ ፋይል አውጡና በ«ቴስት_ግሬፕ» ፈትሹ። በ«ቴስት_መስት_ፌይል» ፋንታ የሼሉን ተራ የቃለ አጋኖ ምልክት አትጠቀሙ፤ ጊት ክራሽ አድርጎ ቢወድቅም ቴስቱ አለፈ ይላል። የጊትን ውጤት በፓይፕ ማስተላለፍም የመውጫ ቁጥሩን ይውጠዋል። አምስተኛ ቴስት ጨምሩ፦ ምክሩ በኮንፊግ ሲጠፋ «ሂንት» እንዳይታይ፣ «ኤረር» ግን እንዲቀር። ፋይሉን ለብቻው በ«-ቪ -አይ» አሂዱት፤ መጀመሪያ የወደቀው ላይ ይቆምና የሠራበትን ፎልደር ይተውላችኋል። ከዚያ ሙሉውን «ሜክ ቴስት» አሂዱ።

ለውጡን ቢያንስ በሁለት ኮሚት ክፈሉት፤ አንዱ ምክንያቶቹን የሚለይ፣ ሌላው ምክሩን ከነኮንፊጉ የሚጨምር። ኮሚት መልእክቱ ውስጥ አሮጌውን ጽሑፍ ቃል በቃል አስገቡ። ሰዎች ለዓመታት ኢንተርኔት ላይ የፈለጉት በዚያ ጽሑፍ ነው፣ የተሰጡት መልሶችም የተያያዙት ከእሱ ጋር ነው፤ ለምን እንደተቀየረ የሚፈልግ ሰው «ጊት ሎግ --ግሬፕ» ላይ ያገኘዋል። ይህ ኪሳራ እውነተኛ ስለሆነ፣ ትርጉም የማይጨምር የቃል ለውጥ ብቻ ከሆነ መልእክቱን ባትነኩት ይሻላል።

እያንዳንዱ ኮሚት «ሳይንድ-ኦፍ-ባይ» ያስፈልገዋል፤ «ጊት ኮሚት -ኤስ» ይጨምረዋል። ፓቹ (ለውጡን የያዘው ፋይል) በ«ጊት ፎርማት-ፓች» ተዘጋጅቶ በኢሜይል ይላካል፤ በኢሜይል መላክ ያልለመደ ሰው ጊትሀብ ላይ የከፈተውን ፑል ሪክዌስት «ጊትጊትጋጄት» ወደ ፓች ቀይሮ ይልክለታል። አስተያየት ሲመጣ ሁለተኛውን እትም «-ቪ2» ብላችሁ፣ ምን እንደተቀየረ የሚያሳየውን «ሬንጅ-ዲፍ» ከመሸፈኛ ደብዳቤው ጋር አያይዛችሁ ላኩ።